ስሜን አትጻፍ ብላኛለች፣ አታመስግነኝ ግን አላለችም

እኔ እንዲህ አይነት ነገር ጽፌ አላውቅም። ሰው ሲመሰገን አነባለሁ፣ ላይክ አደርጋለሁ፣ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ካልጻፍኩ ዕዳ ሆኖ ይቀርብኛል። ትናንት ከውጭ ደንበኞች ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ የፈጀ ስብሰባ በእንግሊዝኛ መራሁ። ተሳተፍኩ አላልኩም፣ መራሁ ነው ያልኩት። ሲያልቅ ላፕቶፔን ከደንኩና ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዛ ስልኬን አነሳሁና ለቲቸር ጻፍኩላት፦ «አለቀ፣ አልሞትኩም»።

ቲቸር የምላት በኦንላይን ቢዝነስ ኢንግሊሽ የምታስተምረኝን ልጅ ነው። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ ግን ከቲቸር ሌላ ስም ከአፌ አይወጣም። ስምሽን ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቃት «ተው ወንድሜ፣ ያሉኝም ተማሪዎች በዝተውብኛል» አለችኝ። ስለዚህ የምትፈልጓት በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ።

እሷን ከማግኘቴ በፊት ሁለት ዓመት ተንከራትቻለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ምሬቴን ግን ልተንፍስ።

የመጀመሪያው «በ30 ቀን እንደ ፈረንጅ ትናገራለህ» የሚል ማስታወቂያ ነበር። አምኜ ቀድሜ ከፈልኩ። ከዛ አንድ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገቡኝ፣ ሰዉ እንደ ጉድ ነው። በየቀኑ ፒዲኤፍ ይወረወራል። አንዱን ሳልከፍት ሌላው ይመጣል። 500 የቢሮ አባባሎች፣ 1000 የቢዝነስ ቃላት፣ 100 የኢሜይል ናሙናዎች። ስልኬ ሞላ፣ ጭንቅላቴ ባዶውን ቀረ። ጥያቄ ስጠይቅ አድሚኑ አውራ ጣት ይሰጠኛል። አውራ ጣት መልስ ነው እንዴ?

ሁለተኛው «ላይቭ ክላስ» ይባላል። አስተማሪው ይገባል፣ ካሜራውን ያጠፋል፣ ስክሪኑን ያጋራል፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ ይከፍታል። አብረን እናያለን። ሲያልቅ «ኤኒ ኩዌስችን?» ይላል፣ ሁሉም ዝም፣ ከዛ ቻው። ቪዲዮውንማ እኔ ጋደም ብዬ በነጻ አላየውም ነበር? አንድ ቀን ደፍሬ ተናገርኩ። አክሰንቴን አስመስሎ ደገመው። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከዛን ቀን በኋላ ግን ስድስት ወር ሙሉ ማይኬን አልከፈትኩም። መሃል ላይ አንድ አፕም ነበር፣ ተከታታይ ቀኔ እንዳይቋረጥ ብዬ እኩለ ሌሊት ላይ ከእንቅልፌ እነሳለት የነበረ። ከ200 ቀን በላይ ሄድኩ። ስለ ድመትና ስለ ወንበር ብዙ አውቄያለሁ፣ ዘግይቶ የመጣ ክፍያን በጨዋ ቋንቋ መጠየቅ ግን አሁንም አልችልም ነበር።

እንዲህ ተሰላችቼ ነው አንድ የስራ ባልደረባዬ የእሷን ቁጥር የሰጠኝ።

የመጀመሪያ ቀን ይህን መጽሐፍ ግዛ፣ ይህን ፈተና ስራ የለም። «ባለፈው ወር የላክኻቸውን አምስት ኢሜይሎች አምጣልኝ፣ የሰውና የድርጅት ስም፣ የገንዘብ ቁጥር የሚባል ግን አንድም እንዳይቀር፣ አጥፋው» አለችኝ። ጎግል ዶክ ላይ ለጠፍኩት። አንገቴን ደፍቼ ቀይ ቀለም ስጠብቅ ምንም አላቀለመችም። ጎን ላይ ኮሜንት ብቻ አደረገች፦ «ይህ ለአንተ ቢላክልህ ምን ይሰማሃል?»

ኢሜይሉ ላይ «አይ ዋንት ዩ ቱ ሴንድ ሚ ዘ ሪፖርት ቱዴይ» የሚል ነበር። እኔ በልቤ «ሪፖርቱን ዛሬ እንዲልኩልኝ እፈልጋለሁ» ነው ያልኩት፣ ጨዋ ሰው ነኝ። እሷ ያስረዳችኝን እስከዛሬ አልረሳውም። አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ላይ ይለጥፋል፣ «ላክ» እና «ይላኩ» ሲባል ሰውየው መከበሩን ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ግን ለአለቃም ለህጻንም ያለው ያው «ዩ» ነው። ስለዚህ አክብሮቱን ሌላ ቦታ ይሸሽገዋል። «ኩድ ዩ» ውስጥ፣ «ዉድ ዩ ማይንድ» ውስጥ፣ «አይ ዋዝ ወንደሪንግ» ውስጥ። «ኩድን ያለፈ ጊዜ ነው ብለው ነው ያስተማሩህ፣ እዚህ ቦታ ላይ ግን ኩድ ማለት የእንግሊዝኛ እርስዎ ናት» አለችኝ። ስንት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጬ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም! ስንት ደንበኛን «አንተ» እያልኩ ስጽፍ እንደኖርኩ ሳስበው ላብ አጠመቀኝ።

ግን በእውነት እጄን የሰጠሁት ሶስተኛው ሳምንት ላይ ነው።

የውሸት ስብሰባ እያደረግን ነበር። እሷ ደንበኛ፣ እኔ ሻጭ። «ሃቨንት ዩ ሪሲቭድ ዘ ኢንቮይስ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ኢንቮይሱ አልደረሰህም ወይ ነው። በጨዋታው ላይ አልደረሰኝም፣ ስለዚህ «የስ» አልኩ። ቆም አለች። «እንደገና ልጠይቅህ» አለች። ጠየቀች። «የስ፣ የስ» አልኩ፣ ረገጥ አድርጌ። ከዛ በአማርኛ ቀስ ብላ፦ «ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፣ መልሱ ግን አማርኛ ነው»።

በእኛ «አልደረሰህም?» ሲባል «አዎ፣ አልደረሰኝም» ነው። ከጠያቂው ጋር መስማማታችን ነው። በእንግሊዝኛ ግን የጠያቂው አባባል አይታይም፣ ነገሩ ራሱ ነው የሚታየው። ደርሶኝ ከሆነ የስ፣ ካልደረሰኝ ኖ። እኔ «የስ» ስል ደንበኛው የሚሰማው «ደርሶኛል» የሚለውን ነው። ያኔ አንድ የቆየ ነገር ብልጭ አለብኝ። ከዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ላክሁት ያለው ሰነድ አልደረሰኝም ብዬው፣ እሱ ደግሞ ደርሶሃል ብሎኝ፣ ሁለት ሳምንት ተጠባብቀን በመጨረሻ ተኳርፈን ተለያይተናል። ሁልጊዜ ውሸታም ነው እያልኩ አማው ነበር። ለካ እኔው ነኝ በራሴ አፍ «የስ» ያልኩት። ይህን ስነግራት አልሳቀችም። «በዚህ የተጣላህ አንተ ብቻ አይደለህም» አለችኝና ያን ቀን የቀረውን ሰዓት በሙሉ በአሉታ ስትጠይቀኝ ዋለች። ዩ ዲድንት ኮል ሂም? ኖ፣ አይ ዲድንት። ዩ ዶንት ላይክ ኢት? ኖ፣ አይ ዶንት። መንጋጋዬ እስኪዝል።

ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ በር ላይ ቆማ ስትሰማኝ ከርማ አሁን እናቷ «አልተኛሽም እንዴ?» ስትላት «ኖ፣ አልተኛሁም» ትላለች። አማርኛዋ እንዳይበላሽ እየሰጋሁ ነው፣ ይህንንም ለቲቸር ነግሬያታለሁ።

ወደ ዋናው ልመለስ። የምታስተምርበት ነገር በሙሉ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያለ ነው፣ እሷም አትደብቀውም። የብሪቲሽ ካውንስል የእንግሊዝኛ መማሪያ ገጽ አለ፣ ለስራ እንግሊዝኛ የሚሆን ክፍል ያለው። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ አለ፣ ስድስት ደቂቃ የምትፈጀዋ ዝግጅት ልብ አታደክምም። መጀመሪያ ላይ ግን እነሱም ስለፈጠኑብኝ ወደ ቪኦኤ የቆዩ ዝግጅቶች መለሰችኝ። በፈረንጆቹ 1959 በሬዲዮ የተጀመረ ነው አሉ፣ በ1500 ገደማ ቃላት ብቻ፣ ከተለመደው ዜና ቀስ ተብሎ የሚነበብ። ስሰማው ለእኔ ተብሎ የተሰራ መሰለኝ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ በነጻ ካለ አስተማሪ ምን ያደርጋል? እኔም ጠይቄያታለሁ። «ሊንኩን የሚልክልህ ሞልቷል፣ ዛሬ ይህቺን ብቻ የሚልህ ነው ያጣኸው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በሳምንት አንድ ሊንክ ነው የምትልከው፣ እሱም ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ቁራጭ ድምጽ ነው። እንዴት እንደምትቆርጠው፣ ምን ላይ እንደምትጭነው አትጠይቁኝ፣ እኔ ስነካው ይከፈታል፣ በቃ። ያቺን ሁለት ደቂቃ ሳምንቱን ሙሉ እሰማታለሁ፣ የሰማሁትን እጽፋለሁ፣ ከዛ ራሴን ቀድቼ እልክላታለሁ።

ዩግሊሽ የሚባለውን ያወቅኩትም በእሷ ነው። ቃሉን ትጽፋላችሁ፣ ሰዎች ቃሉን ሲናገሩት የሚታይባቸውን ቪዲዮዎች እየተከታተለ ያመጣላችኋል፣ ልክ ቃሉ ጋ። እኔ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ሁልጊዜ ይምታቱብኝ ነበር። 15 ቀን የተባለውን 50 ቀን ብዬ ለአለቃዬ ሪፖርት አድርጌ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ቲቸር የሃያ ሰው «ፊፍቲን» እና የሃያ ሰው «ፊፍቲ» አሰማችኝ፣ አሜሪካዊ፣ እንግሊዛዊ፣ አውስትራሊያዊ እያቀያየረች። መጨረሻው ላይ ጠንከር ካለ 15፣ መጀመሪያው ላይ ጠንከር ካለ 50። ግን ሰው ሲቸኩል ይህም አያስተማምንም አለችኝ፣ ስለዚህ ሳታፍር «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብለህ ጠይቅ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ብቻዋን ስንት ጣጣ አድናኛለች።

ዙም ላይ በነጻው አካውንት 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቆረጣል አይደል? ሌላው ቦታ ሲቆረጥ ተሜ ተበትኖ ይቀራል። እሷ ጋ ተቆርጦ እንደገና ስገባ የመጀመሪያው ስራዬ ያለፈውን 40 ደቂቃ በሶስት ዓረፍተ ነገር ማጠቃለል ነው፣ ስብሰባ ላይ ዘግይቶ ለገባ አለቃ እንደምነግር አድርጌ። መጀመሪያ ሰሞን እንዳይቆረጥ እጸልይ ነበር። ትናንት አለቃዬ በእውነት ዘግይቶ ገባ። ሶስት ዓረፍተ ነገር።

ፍጹም ናት አልልም። ቴክስት ቶሎ አትመልስም። የቤት ስራ ሳትሰራ ከገባህ ፊቷ ይለወጣል። ደግሞ ጥሩ ነህ እያለች አትሸነግልም። ንባቤ ቢ1 ላይ፣ ንግግሬ ግን ኤ2 ላይ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እቅጩን ነግራኛለች። ከኤ1 እስከ ሲ2 ካሉት ስድስት የቋንቋ ደረጃዎች ከታች ሁለተኛው ላይ ነህ ማለት ነው፣ ለዛ ሁሉ ልፋት። ከፋኝ። «በ30 ቀን» ካለኝ ሰው ግን እሷን አመንኳት።

አሁን ያስለቀሰኝን ልንገራችሁ። ከትናንት በስቲያ ማታ የመጨረሻ ልምምድ ነበረን። ኔትወርክ አልሰራም አለ። እገባለሁ፣ ይቆማል፣ እገባለሁ፣ ይቆማል። አራተኛው ላይ ተስፋ ቆርጬ «በቃ ተዪው» ብዬ ጻፍኩላት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቴሌግራም ላይ የድምጽ መልእክት መግባት ጀመረ። ዘጠኝ ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ ደንበኛ ሆና ታወራለች፣ አንዱ ቁጡ፣ አንዱ እንደ መትረየስ የሚፈጥን፣ አንዱ ደግሞ ጠይቆ ዝም የሚል። ጥያቄዋን ትጠይቅና እኔ እንድመልስ ቦታ ትተውልኛለች፣ ዝምታው ውስጥ የቤቷ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ከዛ «አይ ሲ» ብላ ትቀጥላለች፣ መልሴን የሰማች ይመስል። ዘጠነኛው በአማርኛ ነው፦ «ነገ ካልገባህ አልገባኝም በል። ገብቶኛል ብለህ ከምትፈርም ይሻልሃል። ደህና እደር»። ሰዓቱ ከሌሊቱ አምስት ተኩል ነበር። ለዚህ ልክፈል ብላት «ትምህርት አልነበረም፣ ኔትወርክ ነው የጠፋው» አለችኝ።

እና ትናንት ስብሰባው መሃል ላይ አንደኛው ደንበኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። ምንም አልገባኝም። የድሮው እኔ «ኦኬ፣ ኦኬ» ብዬ አልፈው ነበር። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ራን ዛት ባይ ሚ ዋን ሞር ታይም?» አልኩ። ሰውየው ሳቀና በአጭሩ ደገመው። በኋላ ስንወጣ የእኛ ቢሮ ልጆች «እንኳን ጠየቅክልን፣ እኛም አልገባንም ነበር» አሉኝ። ከዛ ሰውየው ቀጠለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሶ ዩ ሃቨንት ሲን ዘ ኒው ድራፍት?»

«ኖ፣ አይ ሃቨንት»።

በዛው ደቂቃ ላከልኝ።

እባካችሁ፣ በእንግሊዝኛ ምክንያት ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ሰው ካላችሁ፣ ከእኔ የባሰ አይሆንምና አገናኙት። ጻፉልኝ፣ አላፍርባችሁም፣ እሷም አታፍርባችሁም። ካሜራችሁን ታስከፍታችኋለች፣ ከአሁኑ ልመዱት። አምስት ኢሜይሎችም አዘጋጁ። ስሙንና ቁጥሩን ማጥፋት እንዳትረሱ፣ እኔ አንዱን ረስቼ የመጀመሪያው ክላስ ሳይጀመር መልሳልኛለች።