ከ79ኙ የስታር ትሬክ ክፍሎች የትኞቹን እንጫን? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተመልካች

የመጀመሪያው ስታር ትሬክ፣ ማለትም ካፒቴን ከርክና ከሌላ ፕላኔት የመጣው መኮንኑ ስፖክ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የጠፈር መርከብ የሚጓዙበት ተከታታይ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን የታየ ነው። ሦስት ሲዝን፣ 79 ክፍል አለው። ደሴ ፒያሳ ፊልም ከሚጭኑ ቤቶች ገብቶ «ሙሉውን ጫንልኝ» የሚል ሰው ከክፍል 1 ይጀምራል፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ይሰለቻል፣ ከዚያ ፍላሹን አጥፍቶ ሌላ ነገር ይጭንበታል። በዚህ ተመልካቹ አይወቀስም። በመጀመሪያ የተላለፈው «ዘ ማን ትራፕ» ከሰው ገላ ጨው እየመጠጠ የሚገድል ፍጡር የሚታደንበት መካከለኛ ታሪክ ነው፤ ተከታታዩ የደረሰበትን ከፍታ አያሳይም። ደግነቱ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር አይያያዝም። እያንዳንዱ ታሪክ በ50 ደቂቃ ተጀምሮ ስለሚያልቅ በቅደም ተከተል የማየት ግዴታ የለም።

እዚህ የተመረጡት በአንድ ሚዛን ተመዝነው ነው። መርከቧ የታጠቀች ናት፤ ካፒቴኑም ለመተኮስ በቂ ምክንያት አያጣም። ተከታታዩ የሚያምረው ግን እሱ መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ የሌላውን ወገን ነገር ለመስማት ሲቆም ነው። መተኮስ ብቻ ባለበት ክፍል ላይ እርጅናው ያፈጣል፤ የካርቶኑ ግድግዳና የፕላስቲኩ ድንጋይ ዓይን ይወጋሉ። መስማት ባለበት ክፍል ላይ ካርቶኑ ይረሳል።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት «ዘ ዴቭል ኢን ዘ ዳርክ» ነው (ሲዝን 1፣ ክፍል 25)። ጄነስ 6 በምትባል ፕላኔት ከመሬት በታች ማዕድን የሚያወጡ ሠራተኞች በዋሻ ጨለማ እየተቃጠሉ ይሞታሉ፤ ሟቾቹ ወደ 50 ደርሰዋል። ገዳዩ ዐለት እያሟሟ የሚያልፍ ፍጡር ነው። አካሉ እንደ እኛ በካርቦን ሳይሆን በሲሊከን የተሠራ ስለሆነ ስፖክ መመርመሪያውን ለዚያ እንዲስማማ እስኪያስተካክለው ድረስ ሊያገኙት አይችሉም። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ስለ ሲሊከን ሕይወት የሚከራከርበት ነገር ከዚህ ያገኛል። ደራሲው ጂን ኩን ዋናውን ፍንጭ የሰጠው ከመጀመሪያ ደቂቃዎች ጀምሮ ነው፤ በማዕድን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ክብ ድንጋይ ልብ በሉት።

ክፍሉን ያላየ ሰው ይህን አንቀጽ ይዝለል። ክቡ ድንጋይ እንቁላል ነው። ቆፋሪዎቹ አዲስ ዋሻ በከፈቱ ቁጥር በሺዎች እየሰበሩ ጥለውታል፤ «አውሬው» የተባለችውም ከዘሯ ብቻዋን የቀረች፣ ልጆቿን የምትጠብቅ እናት ናት። የድርሰቱ ትልቁ ብልሃት ግን ይህ ከመገለጡ በፊት ያለው ትዕይንት ነው። በመጀመሪያ «የዘሯ የመጨረሻ ልትሆን ትችላለች፣ በሕይወት እንያዛት» ብሎ የተከራከረው ስፖክ ነበር፤ ትገደል ያለው ከርክ ነው። ከርክ ብቻውን ፊት ለፊት ሲያገኛት መሣሪያውን ደግኖ ሳይተኩስ ይቀራል። ስፖክ ደግሞ ወዳጁ አደጋ ላይ መሆኑን ሲሰማ «ቶሎ ግደላት» ይላል። ሁለቱ አቋም ተቀያየሩ፤ ተዋንያኑ ግን ጉዳዩን አንስተው አያብራሩልንም፣ ለተመልካች ይተዉታል። ከዚያ የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ማኮይ የቆሰለችውን የድንጋይ ፍጡር በሲሚንቶ ለስኖ ያክማታል። ይህ ቀልድ ቢመስልም ከታሪኩ አመክንዮ የወጣ አይደለም፤ አካሏ ሲሊከን ከሆነ ቁስሏን የሚይዘው የግንበኛ ዕቃ ነው። በደማቅ ብርሃን ስትታይ ከውስጧ ሰው እየዳኸ እንዳለ ያስታውቃል (ልብሱን የሠራውም የለበሰውም ያኖስ ፕሮሃስካ ነው)፤ ይሁንና በህመም ስታቃስት ያንን የሚያስታውስ የለም።

ሁለተኛው «ባላንስ ኦፍ ቴረር» ነው (ሲዝን 1፣ ክፍል 14)። ራሷን መሰወር የምትችል የሮሙላን (ጠላት የሆነ የሌላ ዓለም ሕዝብ) መርከብና ኢንተርፕራይዝ ይተዳደናሉ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መሰወሪያው ብዙ ኃይል ይበላል፣ ሮሙላኗም ለመተኮስ መገለጥ አለባት። ከርክ የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው። የተቀረጸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ሰርጓጅ ፊልሞች አምሳል ስለሆነ ጥበቃው ከተኩሱ ይበልጣል፤ ችኩል ተመልካች መሐሉ ላይ ይዝል ይሆናል፣ ቢታገስ ይካሳል። ሌላው ጦርነት ያለው እዚያው ኢንተርፕራይዝ ውስጥ ነው። የሮሙላኖቹ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ጆሯቸው እንደ ስፖክ ሹል ሆኖ ይገኛል፤ ወዲያው ስታይልስ የተባለ መኮንን ስፖክን በሰላይነት መጠርጠር ይጀምራል። ሰው በመልኩና በዘሩ ሲጠረጠር ምን እንደሚከተል ለእኛ አገር ተመልካች ማብራራት አያስፈልግም። የሮሙላኑን አዛዥ ሆኖ የሚጫወተው ማርክ ሌናርድ ነው፤ ጠላት ሆኖ ሳለ ከመርከቧ ሰዎች ሁሉ ይልቅ እሱ ይወደዳል። ይኸው ተዋናይ በ«ጀርኒ ቱ ባቤል» (ሲዝን 2፣ ክፍል 10) የስፖክ አባት ሆኖ ስለሚመለስ ሁለቱን በተከታታይ ምሽት ማየት ጥሩ ነው።

«ኤ ቴይስት ኦፍ አርማጌዶን» (ሲዝን 1፣ ክፍል 23) ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከሌላ ቦታ በተለየ ይታያል። ሁለት ፕላኔቶች 500 ዓመት ተዋግተዋል፤ ግን የሚተኩሱት በኮምፒውተር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ቦምቡ የት እንደወደቀ ያሰላል፣ «ሞታችኋል» የተባሉት ሰዎች በሰልፍ ወደ ማጥፊያው ክፍል ይገባሉ። ቤት አይፈርስም፣ ፋብሪካ አይቆምም። ከርክ ማሽኑን ይሰብርና ጦርነቱ እውነተኛ መልኩን ይያዝ ይላል፤ አስቀያሚነቱ ሲታይ ሰው ሰላም ይፈልጋል የሚል ሙግት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ከተማው የገባበትን ጊዜ የኖረ፣ የተዘረፈ ሆስፒታልና የተዘረፈ ሙዚየም ያየ ሰው የሙግቱን ግማሽ ይቀበላል። ሌላው ግማሽ ውሃ አያነሳም፤ አስቀያሚነቱ ብቻውን ጦርነት ቢያስቆም ኖሮ ስንቱ በቆመ ነበር። ድርሰቱ እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተደራዳሪ አምባሳደር ያቀርብና ነገሩን በቶሎ ይዘጋዋል። ቢሆንም ቡና እየተጠጣ ሊከራከሩበት የሚገባ ክፍል ከዚህ የተሻለ የለም።

«ዘ ሲቲ ኦን ዘ ኤጅ ኦፍ ፎርኤቨር» (ሲዝን 1፣ ክፍል 28) በብዙዎች ዘንድ አንደኛ ነው የሚባለው፤ ሃርላን ኤሊሰን የጻፈው ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1968 የሂዩጎ ሽልማት አግኝቷል። ከርክና ስፖክ ወደ 1930 ኒው ዮርክ ይሻገራሉ፤ ለድሆች ሾርባ የምታበላ ኢዲት ኪለር የተባለች ሴት ያገኛሉ። የዓለም መጪ ታሪክ በእሷ ሕይወት ላይ ተንጠልጥሏል። መጨረሻውን እዚህ መጻፍ ደግ አይደለም። የምንመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ክፍል በመጀመሪያ አትዩት። የመጨረሻው አንድ ደቂቃ የሚከብደው ከርክን፣ ስፖክንና ማኮይን ቀድሞ ለለመደ ሰው ነው። አምስት ስድስት ክፍል ካያችሁ በኋላ ይድረስ።

ልጆች ባሉበት ቤት «ዘ ትራብል ዊዝ ትሪብልስ» (ሲዝን 2፣ ክፍል 15) ይከፈት። ትሪብል ፀጉራም፣ ክብ፣ ስትደባበስ የምታንጎራጉር ትንሽ ፍጡር ናት፤ ያለማቋረጥ ትበላለች፣ ያለማቋረጥ ትወልዳለች። በጠፈር ጣቢያው ጎተራ ደግሞ ለዘር የተቀመጠ እህል አለ። ነቀዝ የገባበትን ጎተራ የከፈተ የወሎ ሰው የሚመጣውን ቀድሞ ያውቀዋል። ስፖክ ጎተራው ውስጥ 1,771,561 ትሪብል አለ ሲል ቁጥሩ በዘፈቀደ የተጠራ አይደለም። አንዷ በአማካይ 10 ትወልዳለች፣ በየ12 ሰዓቱ አዲስ ትውልድ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ማለት 6 ትውልድ ነው። እናቲቱን ጨምሮ በየዙሩ ቁጥሩ በ11 ይባዛል፤ ከአንድ ተነሥታችሁ በ11 ስድስት ጊዜ ስታባዙ እዚያው ቁጥር ላይ ትደርሳላችሁ። ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ትምህርት በፊልም አይገኝም።

«ዘ ዱምስደይ ማሽን» (ሲዝን 2፣ ክፍል 6) ፕላኔት የሚበላ ማሽንና ባልደረቦቹን በሙሉ ያጣ አዛዥ ታሪክ ነው፤ ዊልያም ዊንደም የአዛዡን እብደት ሳያጋንን ይጫወተዋል። «አሞክ ታይም» (ሲዝን 2፣ ክፍል 1) የስፖክን አገር የሚያሳይ በዚህ ተከታታይ ውስጥ ብቸኛው ክፍል ነው። «ሚረር ሚረር» (ሲዝን 2፣ ክፍል 4) እና እንሽላሊት ከሚመስለው ጎርን ጋር ግብ ግብ ያለበት «አሪና» (ሲዝን 1፣ ክፍል 18) ያዝናናሉ።

ሦስተኛው ሲዝን ሲደርስ ተጠንቀቁ። በጀቱ ተቀንሶ፣ የሚተላለፍበት ሰዓት ወደ ዓርብ ሌሊት 4 ሰዓት ተገፍቶ የተሠራ ነው፤ የሚጀምረውም የስፖክ አንጎል ተሰርቆ በሚፈለግበት «ስፖክስ ብሬን» ነው፤ እሱን እለፉት። ከዚያ ሲዝን ሁለት ይበቃሉ። አንዱ የስለላ ታሪኩ «ዘ ኢንተርፕራይዝ ኢንሲደንት» (ክፍል 2) ነው። ሌላው «ሌት ዛት ቢ ዩር ላስት ባትልፊልድ» (ክፍል 15) ሲሆን ፊታቸው ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነ ሁለት ሰዎች እስከ ሞት ይጠላላሉ። ልዩነታቸው የአንዱ ጥቁር በቀኝ፣ የሌላው በግራ መሆኑ ብቻ ነው። መልእክቱ በግልጽ ይጮኻል፣ መሐሉም ይንዛዛል፤ የመጨረሻው ሩጫ ግን ከአእምሮ አይወጣም።

እነዚህ በድምሩ 12 ናቸው። መምረጡ ለምስል ጥራትም ይበጃል። ሙሉው 79 በ32 ጊጋ ፍላሽ እንዲገባ አንዱ ክፍል ወደ 350 ሜጋባይት መጨመቅ አለበት፤ ያኔ በትልቅ ቲቪ ላይ ጥቁሩ የጠፈር ሰማይ በካሬ በካሬ ይሰነጣጠቃል። 12ቱን ብቻ ብትጭኑ እያንዳንዱን በ1 ጊጋባይት ይዛችሁ 16 ጊጋ ፍላሽ ይበቃችኋል።

ስትጭኑ የክፍል ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ርዕሱንም አረጋግጡ። አንዳንዱ ስብስብ በተላለፈበት ቅደም ተከተል፣ አንዳንዱ በተቀረጸበት ቅደም ተከተል ተቆጥሯል፤ እዚህ የተሰጠው የመጀመሪያው ነው። ፋይሉ 80 ከሆነ ደግሞ ጣቢያው መጀመሪያ ያልተቀበለው የሙከራ ክፍል «ዘ ኬጅ» ከፊት ገብቶ የሲዝን 1ን ቁጥሮች በአንድ ገፍቶ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የመርከቧና የፕላኔቶቹ ምስል በኮምፒውተር ተተክቶ የታደሰ ቅጂ አለ። ብሉሬይ ዲስኩ ሁለቱንም ያስመርጣል፤ ፋይል ግን አንዱን ብቻ ይይዛል። ለአብዛኛው ክፍል አሮጌው ይሻላል፤ አዲሱ መርከብ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አይገጥምም። ለ«ዘ ዱምስደይ ማሽን» ብቻ አዲሱን ውሰዱ፤ የተሰባበረችው መርከብ በአሮጌው ቅጂ ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ መጫወቻ ሞዴል ናት።

ምስሉ ድሮ የተቀረጸው 4 ለ 3 ሆኖ ነው። አዲስ ሰፊ ቲቪ በራሱ ጊዜ ይለጥጠውና ሁሉም ሰው በሲሶ ያህል ይወፍራል። በሪሞቱ የምስል መጠን ውስጥ ገብታችሁ 4 ለ 3 አድርጉት፤ በግራና በቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ ጉድለት አይደለም። «ዙም» የሚለውን አትንኩ፣ ከላይና ከታች ሩቡን ቆርጦ ይጥላል። ድምፅ እየተሰማ ምስል ከሌለ ፋይሉ በኤች 265 የተጨመቀ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የቆየ ቲቪ አያነበውም፣ በኤች 264 ይቀየርላችሁ። ቲቪው ፍላሹን ጭራሽ ካላየው ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ሊሆን ስለሚችል በፋት 32 ፎርማት ተደርጎ እንደገና ይጫን። የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነ አይመጣም።

መብራት ከሄደባችሁ ክፍሉን ከመጀመሪያው አትጀምሩት። እያንዳንዱ ክፍል የተጻፈው ከርዕሱ በፊት ባለ አጭር መግቢያና በማስታወቂያ በሚለያዩ አራት ገቢሮች ነው፤ ገቢሩ ሲያልቅ ምስሉ ወደ ጥቁር ይጨልማል። ብዙውን ጊዜ ከጨለማው ቀጥሎ ከርክ በመርከቧ መዝገብ ላይ እስካሁን የሆነውን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያስመዘግባል። ከማስታወቂያ ለሚመለስ ተመልካች የተጻፈ ነበር፤ ወደ ቅርቡ ጥቁር ቦታ መልሳችሁ ከዚያ ብትቀጥሉ ክሩ አይጠፋባችሁም።