ቬራክሪፕት በፍላሽ ላይ፦ አንድ ፋይል ወይስ ሙሉ ፍላሹ?

ባሕር ዳር ውስጥ ከፔዳ ግቢ ፖሊ ግቢ ፍላሽ ይዞ ለሚመላለስ ሰው፣ ቬራክሪፕት የተባለው የመመስጠሪያ ፕሮግራም ሁለት አማራጭ አለው፦ ፍላሹ ላይ አንድ የተመሰጠረ ፋይል ማስቀመጥ ወይም ፍላሹን በሙሉ መመስጠር።

ሙሉውን ከመሰጠሩት ዋናው ጠላት ዊንዶውስ ራሱ ነው። የሚያውቀው የፋይል ሲስተም (የፋይሎች አደረጃጀት) ስለማያገኝ ገና ሲሰኩት «ፎርማት ላድርገው?» ይላል። ኮፒ ቤት ያለው ልጅ በጥድፊያ እሺ ካለ ጉድ ፈላ። «ካንስል» ብለው ከቬራክሪፕት «ሰሌክት ዲቫይስ» ይክፈቱት። ፎርማቱ ፈጣኑ ዓይነት ከነበረ ቮልዩሙ (የተመሰጠረው ክፍል) መጨረሻ ላይ ያለው የሄደር፣ ማለትም የመክፈቻው መረጃ፣ መጠባበቂያ ሊተርፍ ይችላል፤ በ«ቱልስ» ስር «ሪስቶር ቮልዩም ሄደር»ን ይሞክሩ።

ፋይሉ ይህ ጣጣ የለበትም። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ግን ፋይሉ 4 ጊጋባይት አይሞላም፤ ለበለጠ እንደ ኤክስፋት ያለ ፎርማት ያስፈልጋል። እንደ ተራ ፋይል በስህተት መሰረዙም አይቀርም። ያም ሆኖ በሰው ኮምፒውተር ለሚሠራ የምመርጠው ይህንን ነው።

መብራት እልም ሲል ወይም «አንማውንት» (በቆዩት ስሪቶች «ዲስማውንት») ብለው ሳይዘጉ ሲነቅሉት ሁለቱም ሊጎዱ ይችላሉ። የይለፍ ቃሉን አልቀበል ካለ ግን መጀመሪያ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳልቀረ ይዩ። ቮልዩሙ ተከፍቶ ፋይሎቹ ካልታዩ የተበላሸው ሄደሩ ሳይሆን የፋይል ሲስተሙ ነው፤ ከጥገናው በፊት የቮልዩሙን ቅጂ ይያዙ።