ጣርማበርን ለሚወጣ መኪና አጭር ሄደር ይሻላል ወይስ ረጅም?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ሽቅብ ስትወጡ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው። ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ከፊት የሚገባው ንፋስም ትንሽ ነው። ሄደር ማለት በፋብሪካው ማኒፎልድ (የሞተሩን ጭስ በሚሰበስበው ብረት) ፋንታ የሚገጠም፣ የየሲሊንደሩን ጭስ ለየብቻ በቱቦ የሚያወጣ ነው። ቱቦው በጣም ስለሚግል፣ ሄደር ያስገጠመ ሰው ጉዱን የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

የኔን አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ታሪክ ልንገራችሁ። ረጅም ሄደር አስገጠምኩ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ስነዳው ምንም ችግር የለም፤ ድምፁማ ልብ ያሞቃል። አንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ደብረ ሲና ላይ ቡና ልጠጣ አቆምኩ። ወጥቼ ቁልፉን ሳዞረው «ቀጭ» አለና ዝም። ባትሪው ሙሉ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ በሄደሩ ቱቦና በሞተሪኖው (ሞተሩን በሚያስነሳው) መካከል አንድ ጣት እንኳ አያስገባም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ሞተሪኖ ሲግል የውስጡ መዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይከብደዋል፤ ሲበርድ ይመለሳል።

ወደ ንጽጽሩ እንግባ። ረጅሙ ሄደር ቱቦዎቹን ለየብቻ ሩቅ ወስዶ ነው የሚያገናኛቸው። በመካከለኛ ዙር ላይ ጉልበት ይጨምራል፤ ይህን አልክድም። ግን በመሪው ዘንግ፣ በሻንሲውና በካምቢዮው አጠገብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከታችም ዝቅ ይላል። ወደ መንዝ ገጠር መንገድ ለሚገባ ሰው የመጀመሪያው ድንጋይ ይጠብቀዋል። አጭሩ በዋናው ማኒፎልድ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜም ከነባሩ የማርሚታ ቧንቧ ጋር ለመግጠም ትንሽ ብየዳ ይበቃዋል። የሚጨምረው ጉልበት ግን ያነሰ ነው።

የጉልበቱን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ጣርማበር ጫፍ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ 30 በመቶ ገደማ ያጣል። ሄደር ይህን አይመልስም። እዚህ አካባቢ ለሚነዳ ሰው የኔ ምርጫ አጭሩ ነው። ረጅሙን ለውድድር ለሚፈልገው እተወዋለሁ።

የትኛውንም ብትገዙ ቡሎኖቹን ከማጥበቃችሁ በፊት ቦታውን ለኩ። እኔ የምጠቀመው ሊጥ ነው። አትሳቁ። ትንሽ የዳቦ ሊጥ በፌስታል ጠቅልላችሁ በቱቦውና በጎረቤቱ ብረት መካከል ትለጥፋላችሁ። ከዚያ አንድ ሰው ሞተሩን በብረት ዘንግ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘው፤ ሞተር በጎማ መቀመጫው ላይ ስለሚወዛወዝ ቆሞ ያለው ክፍተት ያታልላል። ሊጡን አውጥታችሁ የቀጠነበትን ለኩ። ከብረት ጋር ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጎማ፣ ከሽቦና ከፍሬን ቱቦ ጋር ቢያንስ 25 ክፍተት ይኑር። ብረትም ሲግል ያድጋል። 60 ሳንቲ ሜትር ተራ ብረት በ500 ዲግሪ ሲግል 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የማይዝገው ብረት ደግሞ ወደ 5 ይጠጋል። ጠቦ ከተገኘ ቱቦውን በያጅ አግሎ ትንሽ ቢያጎደጉደው ይሻላል፤ ሻንሲ አታስቆርጡ።

የፍሬን ቱቦን ነገር በቀላሉ አትዩት። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከሄደር አጠገብ ሲግል ቆይቶ ቁልቁለቱን ወደ ደብረ ሲና ከወረዳችሁ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሊገባ ይችላል። ካርቡራተር ያለው መኪና ደግሞ ቤንዚኑ በማምጫ ቱቦው ውስጥ ሊፈላበት ይችላል፤ ከፍታ ላይ ቶሎ ነው።

ሙቀቱን ለመከላከል ሦስት አማራጭ አለ። ርካሹ መጠቅለያ ጨርቅ ነው፤ ቱቦው ላይ እንደ መቀነት እየተደራረበ ይጠመጠማል። ሙቀቱን በደንብ ይይዛል። ግን የጣርማበርን ጉም፣ የደብረ ብርሃንን ክረምት አስቡት። ጨርቁ እርጥበት ይይዛል፤ ተራው ብረት ከስር ሳይታይ ይበላል። ዘይት ከተንጠባጠበበት እሳት ይነሳል። ብዙ ሄደር አምራቾችም የተጠቀለለ ቱቦ ላይ ዋስትና አይሰጡም። ሴራሚክ ቅብ ከሁሉም ይበልጣል፤ ውስጡም ውጭውም ይቀባል፣ አይዝግም፣ ይህ ነው የሚባል ውፍረትም አይጨምርም። ግን በአሸዋ ተፈግፍጎ፣ ተቀብቶ፣ በምድጃ የሚደርቅ ነገር ነው። የብር ቀለም ረጭቶ «ሴራሚክ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ። ማጎድጎድ ካለም ከቅቡ በፊት ይሁን።

ሦስተኛው መከላከያ ላሜራ ነው፤ እኔ የገባሁበትም ይሄው ነው። አጭሩን ሄደር አስገባሁና በሞተሪኖው ፊት ላሜራ አቆምኩ፤ ከቱቦው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ። ያ ክፍተት ነው ዋናው፣ አየር ይዘዋወርበታል። አሉሚኒየም ከሆነ ቱቦውን እንዳይነካ፤ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የካንዴላ ገመዶቹንና የፍሬን ቱቦውን ደግሞ በሚያንጸባርቅ ሙቀት መከላከያ ልባስ ሸፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ሲና ላይ ቡናዬን በሰላም ነው የምጠጣው።

ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ጓርኒሲዮን (በማኒፎልዱና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀዳዳዎቹን ሄደሩ ላይ አስቀምጣችሁ አስተያዩ። ከቴስታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚገጥመው ጠፍጣፋ ብረት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍር፤ ቀጭኑ ሲግል ይጣመማል፣ ጭስ ያወጣል። ከተገጠመም በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ግሎ ሲበርድ፣ በብርዱ ቡሎኖቹን ድጋሚ አጥብቁ።