የኬዲፒአይ ማስያ፦ የኩላሊት ነጥብ እንዴት ይነበባል?

አሜሪካ ውስጥ ከሟች ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት የሚመዘንበት ይህ ማስያ ጠቃሚ ነው፤ በጥንቃቄ ካልተነበበ ግን ያሳስታል። የለጋሹ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) እና የመሳሰሉት ይገቡበታል፤ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፣ ዝቅ ያለው ይሻላል። ዕድሜ ትልቅ ክብደት አለው፤ ሰው ሲያረጅ የኩላሊቱ ማጣሪያዎች ይመናመናሉና። ክሬቲኒኑን ግን ደጋግሞ ማየት ነው፦ ለጋሹ በመጨረሻ ሰዓቱ ግፊቱ ወርዶ ከነበረ ቁጥሩ ለጊዜው ይንርና ደህናውን ኩላሊት መጥፎ ያስመስለዋል። ከ85 በላይ ለሆነው የታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለ70 ዓመት አዛውንት፣ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ዓመታት ከመጠበቅ ይህን መቀበል ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ለ25 ዓመት ወጣት ግን አንመክርም፤ ቶሎ ይደክምና ሁለተኛ ንቅለ ተከላ ይጠይቀዋል። የማስያው ዋና ጉድለት የተቀባዩን ዕድሜ አለማየቱ ነው፤ ዕድሜውን የሚያካትተው ኢፒቲኤስ የተባለው ሌላ ማስያ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብቡ።