ፋየርፎክስን መልሶ ያቆመልኝ ሙሉው መጫኛ ፋይል

የሥራ ኮምፒውተሬ ላይ ፋየርፎክስ የሚባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ (ብሮውዘር) ስጭን መሃል ላይ ኔትወርክ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አይከፍት፣ አይጠፋ! የረዳኝ ከፋየርፎክስ ሠሪው ከሞዚላ ድረ ገጽ የሚወርደው ሙሉው መጫኛ ነው፤ ትንሹ መጫኛ ቀሪውን ከኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚጭነው፣ ይሄኛው ግን ሁሉንም ስለያዘ አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። አሮጌውን አራገፍኩ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ የቀረውን ፎልደር አጠፋሁ፣ ሪስታርት አድርጌ እዚያው ቦታ ላይ ጫንኩት። በጣም የፈራሁት ለቡክማርክና ለፓስወርዶቼ ነበር። አንዱም አልጠፋም! ፕሮፋይሉ፣ ማለትም እነዚህ የግል መረጃዎች ያሉበት ክፍል፣ የሚቀመጠው ከፕሮግራሙ ተለይቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው፤ እሱን እንዳትነኩ። የአድሚን ፓስወርድ ሊጠይቅ ስለሚችል የአይቲ ክፍሉን ቀድማችሁ አናግሩ፣ እኔ ይሄን ሳላስብ ግማሽ ቀን ሄደብኝ። መጫኑ ራሱ ግን ደቂቃዎች ነው የፈጀው።