ቀበና ወንዝ አጠገብ ላለ ቤት የጎርፍ ኢንሹራንስ ያዋጣል?

ያዋጣል። ግን ውሉን መስመር በመስመር ማንበብ የግድ ነው። ለእናቴ ቤት የገባነውን ኢንሹራንስ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ልንገራችሁ። የኩባንያውን ስም አልጠቅስም።

ቤቱ ቀበና ነው፣ ለወንዙ ቅርብ። ክረምት ላይ ወንዙን የሚሞላው የሰፈራችን ዝናብ ብቻ አይደለም። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ እንጦጦ ላይ ከዘነበ ውሃው ይደርሰናል። በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የደረሰው መከራም እንዲሁ ነበር። ደጋው ላይ የዘነበው የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ከተማ ገባ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ጎርፍ ጎርፍ እያለች የወተወተችን ቴክሳስ፣ ጋልቨስተን፣ ባሕሩ አጠገብ የምትኖረው እህቴ ናት። እዚያ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። በመንግሥት ፕሮግራም የሚሸጠው የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ በአብዛኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው። አውሎ ነፋሱ በዜና ከተነገረ በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም ማለት ነው።

እኛም የተሰጠን መጀመሪያ የእሳትና የመብረቅ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ነበር። ጎርፍ በተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ በሚከፈል ተጨማሪ ክፍያ ነው የሚገባው። ካልጠየቃችሁ ማንም አያነሳላችሁም። ጭማሪው አልከበደንም።

ከሁሉም ደስ ያለኝ ቤቱን ሊያይ የመጣው ባለሙያ ነው። ወጣት ልጅ ነው። ሳሎን ገብቶ በርከክ አለና ግድግዳው ላይ የቀረውን የድሮ ውሃ ምልክት በጣቱ ተከትሎ በሜትር ለካው። «እናቴ፣ ይሄ ጤፍ መሬት ላይ ባይቀመጥ ጥሩ ነው» አላት። ሶኬቶቹን ከፍ አድርገን እንድናስቀይር፣ በሩ ላይ የሚደረደር አሸዋ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን እንድናስቀምጥ ነገረን። ከውጭ ያለውን ቦይ ሳይቀር አየ። በሃይላንድ ፕላስቲክ ተደፍኖ ነበር፤ ከጎረቤት ጋር ሆነን ጠረግነው። ምክሩ ከውሉ የማይተናነስ ጥቅም ነበረው።

መጥፎው የመጣው ካሳ ስንጠይቅ ነው። ነሐሴ ላይ ውሃ ገባ። ጤፉ ቆጥ ላይ ስለነበር ተረፈ፤ ፍሪጁና ሶፋው ግን ራሱ። ለፍሪጁ ደረሰኝ አምጡ ተባልን። እናቴ ከስንት ዘመን በፊት የገዛችውን ፍሪጅ ደረሰኝ ከየት ታምጣ? የወረዳ ማስረጃ ወስደን፣ ፎቶ አሳይተን፣ ደጅ ጠንተን መስቀል ካለፈ በኋላ ተከፈለን። የፈረሰው የድንጋይ አጥር ግን ውሉ ውስጥ አልተዘረዘረም ተብሎ ቀረ። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ብቻ የምታነብ እናት ፊት እንዲህ ያለ ወረቀት አቅርቦ ማስፈረም ነውር ነው ባይ ነኝ።

ልትገቡ ካሰባችሁ፣ በጣም የምለምናችሁ የቤቱን ግምት አታሳንሱ ብዬ ነው። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የሚገመተው ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚፈጀው ገንዘብ ነው። 4 ሚሊዮን የሚፈጀውን ቤት አረቦን ለመቀነስ ብላችሁ 2 ሚሊዮን ካስገመታችሁት፣ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈላችሁም ግማሹ፣ 200 ሺህ ነው፤ ያስገመታችሁት የቤቱን ግማሽ ብቻ ነውና። ከዚያም ላይ የራሳችሁ ድርሻ፣ ማለትም ከጉዳቱ እናንተ ራሳችሁ እንድትችሉት ውሉ ላይ የተቀመጠው ገንዘብ ይቀነሳል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ የአምናው ግምት ለዘንድሮ አይበቃም። በጣሪያ የሚያፈስ ዝናብም በጎርፍ ስም አይካስም፤ እኛ ውል ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ንብረታችሁን አሁኑኑ ፎቶ አንሱ፤ ፎቶውን ቤት ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ። 939ንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ የእሳትና አደጋ ሰዎች ናቸው።

ዘንድሮ ግንቦት ሳይገባ አድሰናል። አጥሩን ለብቻው አስገምተን አስገብተነዋል። ውሉን በአማርኛ ስጡን ብለን በደብዳቤ ጠይቀናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።