ኢኖ ለቃር፦ ማገሳቱ ሌላ፣ ማብረዱ ሌላ

ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚገዙ የቃር ማስታገሻዎች መካከል ኢኖ ከፈጣኖቹ አንዱ ነው። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ጠጪው ያገሳል፣ "ለቀቀኝ" ይላል። ግሳቱ ግን መድኃኒቱ አይደለም፤ ይህን ያልለየ ሰው አለቦታው ይጠጣዋል።

እንግሊዝ አገር የሚሸጠው ባለ 5 ግራም ፓኬት 2.32 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ 2.18 ግራም ሲትሪክ አሲድ እና 0.5 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት ይዟል። ሌላ አገር የታሸገው ሊለይ ስለሚችል ጀርባውን ማንበብ ነው። ደረቅ ሳሉ አይነካኩም። ውሃ ሲያገኙ ግን ሲትሪክ አሲዱ ከሁለቱ ጋር ይዋሃድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በስሌት ከአንድ ፓኬት 0.8 ሊትር ገደማ። አሲዱና ካርቦኔቶቹ ሊቻቻሉ ትንሽ ስለሚቀራቸው፣ ጋዙ ከሞላ ጎደል ብርጭቆው ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የሚቀረው ሶዲየም ሲትሬት ነው። ጨጓራ ውስጥ አሲዱን በዋናነት የሚያበርደው እሱ ሲሆን፣ ሲያበርድም ጋዝ አያወጣም። የኢኖ ብልሃት ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ብልሃት በአጠጣጡ ያበላሸዋል። አረፋው ሳይወርድ ጥድፍ አድርጎ ሲጠጣው ብርጭቆ ውስጥ ሊያልቅ የነበረው ጋዝ ሆድ ውስጥ ይወጣል። የተነፋ ጨጓራ ደግሞ ከላይ ያለውን መዝጊያ ያላላዋል፤ ከግሳቱ ጋር አሲድ ሽቅብ ይመለሳል፤ ቃሩ ብሶ ቁጭ። ትክክለኛው አወሳሰድ፦ ረዘም ያለ ብርጭቆ፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ ፓኬት። ድምፁ ጋብ እስኪል፣ ከሥርም የዱቄት ቅሪት እስኪጠፋ ይጠበቃል። የፍሪጅ ውሃ ባይሆን ይመረጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝ አምቆ ይይዝና ሆድ ውስጥ ሲሞቅ ይለቀዋል።

በባዶ ሆድ ከተጠጣ ጨጓራ ቶሎ ስለሚያወርደው ከአንድ ሰዓት በላይ እምብዛም አይቆይም። ምግብ ከተበላ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ሲሆን እስከ ሦስት ሰዓት ሊያገለግል ይችላል። ሆድ እስኪወጠር ተበልቶ ወዲያው ግን አይሆንም።

በኢኖ ፋንታ የወጥ ቤት ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ባይካርቦኔት ብቻውን፣ የሚበጠብጡ አሉ። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፤ ግን ሶዳው የሚጋጠመው አሲድ የጨጓራው ራሱ ስለሆነ ጋዙ በሙሉ የሚወጣው እዚያው ነው። በቂ አሲድ ካገኘ 1 ግራም ሶዳ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። በፍስክ ማግስት በጥጋብ ላይ ሶዳ መጋት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው፤ አልፎ አልፎ ጨጓራ እስከ መቀደድ የደረሰበት ሁኔታ በሕክምና ተመዝግቧል። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ስታርችና የራሱ አሲድ ስላለበት ለዚህ ጉዳይ አይታሰብም። አምቦ ውሃም ያስገሳል፣ ያ ግን አብሮት የታመቀው ጋዝ ነው።

የኢኖ ትልቁ ጉድለት ሶዲየሙ ነው። በአንድ ፓኬት 0.85 ግራም ገደማ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2 ግራም በታች ነውና፣ አንዱ ፓኬት ብቻ ከ40 በመቶ በላይ ይወስዳል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት አንመክረውም፤ ነፍሰ ጡርም ሐኪሟን ሳትጠይቅ ባትወስደው ይሻላል።

ሆዱ ቶሎ ለሚነፋ ሰው የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ሽሮፕ ይበልጣል፤ ጋዝ ፈጽሞ አያወጣም። አሉሚኒየሙ ሆድ ያደርቃል፣ ማግኒዚየሙ ያስቀምጣል፤ የሚደባለቁትም ለዚህ ነው። የሚታኘከው ካልሲየም ካርቦኔት መሐል ላይ ነው፦ ለተመሳሳይ አሲድ ከሶዳ የሚያወጣው ጋዝ ግማሽ ነው። የትኛውም ቢሆን ከአንቲባዮቲኩ ዶክሲሳይክሊን ወይም ከአይረን ክኒን ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቅ፤ ሌላው አንቲባዮቲክ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ከቃር ማስታገሻው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ።

ቃሩ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰገራ ከጠቆረ ወይም ሰውነት ከከሳ ፋርማሲ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው።

ሲገዙ ከጠርሙሱ ይልቅ ፓኬቱን እንመርጣለን። አንድ እርጥብ ማንኪያ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ዱቄቱ እዚያው ይፈላና ይጓጉላል፤ በኋላ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ደከም ያለ አረፋ ብቻ ካሳየ ይጣል።